እንቅልፍን የሚቆጥረው የእጅ ሰዓትና አረጋውያን ወላጆቻችን

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር)



ሰው ከዕድሜው ሲሶ ያህሉን በእንቅልፍ ያሳልፋል። ይህ ሲሶ ግን ከባለቤቱ የተሰወረ ነው፤ ተኝቶ ሳለ የራሱን እንቅልፍ የሚመለከት ሰው የለምና። «ሌሊቱን ዓይኔን ሳልከድን ነጋ» የሚለው ሰው ሲያንኮራፋ ባለቤቱ ሰምታው አድራ ይሆናል። «እንደ ድንጋይ ተኝቼ አደርሁ» የሚለውም ትንፋሹ በየጊዜው ሲቋረጥና ሲመለስ አድሮ ይሆናል። ስለዚህ ስለ ሌሊቱ የሚመሰክር ሌላ ዓይን ቢገኝ የማይወድ የለም። በዘመናችን ይህን ምስክርነት እሰጣለሁ የሚል መሣሪያ ወጥቷል። ይኸውም እንደ ሰዓት በእጅ የሚታሰር ወይም እንደ ቀለበት በጣት የሚጠለቅ ሆኖ፣ ጧት ሲነቁ «ይህን ያህል ሰዓት ተኝተዋል፤ ይህን ያህል ጊዜ ነቅተዋል፤ እንቅልፍዎ ከመቶ ይህን ያህል ነጥብ አግኝቷል» እያለ በስልክ መስታወት ላይ የሚያሳይ ነው።

ይህ ነገር የመንግሥት ሠራተኛውን በሁለት በኩል ይነካዋል። በአንድ በኩል 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቢሮ ሰዓት ይተኛና ይነሣ የነበረው ሰው የቀኑን ሥርዓት ራሱ ማበጀት ይኖርበታል። በሌላ በኩል በአገር ቤት የሚጦራቸው አባትና እናት አሉት። ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እኅት መሣሪያውን በመንገደኛ እጅ ሲልክ፣ አስረውት የሚያድሩት እነዚህ ሽማግሌዎች ናቸው። ቍጥሩን በስልክ እያነበበ «አባቴ እንቅልፍ አጥቷል» ብሎ የሚጨነቀው፣ አልፎም ከመድኃኒት ቤት የእንቅልፍ ክኒን ገዝቶ የሚልከው ግን ልጅየው ነው። ቍጥሩን እንደሚገባ የማያነብ ልጅ ጤነኛውን ሽማግሌ በሽተኛ ሊያደርገው፣ በሽተኛውንም ጤነኛ ነው ብሎ ሊዘነጋው ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደማያይ፣ ቃሉም እስከ ምን ድረስ ሊታመን እንደሚገባው ዛሬ እንገልጻለን።

የሽማግሌ እንቅልፍ ከጎልማሳ እንቅልፍ ይለያል

ከመለኪያው በፊት የሚለካውን ነገር ማወቅ ይገባል። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 ከሰው ራስ ላይ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ፤ ውጤቱንም በ1929 አሳተመ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ባዶ ዕረፍት ሳይሆን አንጎል ልዩ ልዩ ሥራ የሚሠራበት ጊዜ መሆኑ እየታወቀ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ አገር በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩጂን አሰሪንስኪና ናታንኤል ክላይትማን፣ የተኛ ሰው ዓይኖቹ በሽፋናቸው ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀሱበት የእንቅልፍ ክፍል መኖሩን አስታወቁ፤ ሕልም ጎልቶ የሚታየውም በዚህ ክፍል ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው እንቅልፍ ቀላል፣ ከባድና የሕልም እየተባለ በሚከፈል ዙር ይሄዳል። አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በአንድ ሌሊትም አራት ወይም አምስት ጊዜ ይመላለሳል።

ዕድሜ ሲገፋ ይህ ሥርዓት ይለወጣል። ከባዱ እንቅልፍ ያንሳል፤ ቀላሉ ይበዛል፤ በመካከል መንቃትም ይደጋገማል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሞሪስ ኦሃዮንና ባልደረቦቹ ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው እንደገለጹት፣ በጎልማሳነት ዘመን የሌሊቱ እንቅልፍ በየ10 ዓመቱ 10 ደቂቃ ያህል እያጠረ ይሄዳል። ከዚህም ሌላ የሰውነት ሰዓት ስለሚቀድም፣ ሽማግሌ ማታ ቶሎ ይተኛል፤ ዶሮ ሳይጮህም ይነቃል። የአሜሪካ ብሔራዊ የእንቅልፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ከ7 እስከ 8 ሰዓት እንቅልፍ ተገቢ መሆኑን ገልጾ፣ ለአንዳንዶቹ 5 ወይም 6 ሰዓትም ሊበቃ እንደሚችል አክሏል።

እንግዲህ ከማታው 2 ሰዓት ተኝቶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የነቃ ሽማግሌ 7 ሰዓት ሙሉ ተኝቷል ማለት ነው። ልጁ ግን እኩለ ሌሊት ሲሆን የሚተኛ ሰው ስለሆነ፣ አባቱ በ9 ሰዓት ተነሥቶ ሲቀመጥ ባየ ጊዜ በሽታ ይመስለዋል። ሽማግሌውን እንደገና ተኛ ማለት ከጠገበ ሰው ፊት ሁለተኛ ማዕድ እንደ ማቅረብ ነው።

የኦቾሎ ቀንና ሌሊት

ነገሩን በቦታ ለማስረዳት ኦቾሎን እንውሰድ። ኦቾሎ በጋሞ ዞን፣ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት፤ ከግርጌዋ የስምጥ ሸለቆው ሜዳና የአባያ ሐይቅ ተዘርግተው ይታዩባታል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በዓመቱ ውስጥ የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ፀሐይ በ12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፤ በ12 ሰዓት ገደማም ትገባለች። የኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ከፀሐይ መውጫ የሚጀምረው ለዚህ ዓይነቱ አገር የተስማማ ስለሆነ ነው።

ይህ ለእንቅልፍ ታላቅ ነገር ነው። በሰውነታችን ውስጥ ቀንና ሌሊትን የሚለይ ሰዓት አለ። የዚህን ሰዓት አሠራር በዝንብ ላይ መርምረው ያስረዱት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሰዓቱን በየዕለቱ የሚያስተካክለው በዓይን የሚገባው ብርሃን፣ ይልቁንም የጧቱ ብርሃን ነው። ማልዶ ወደ ማሳው የሚወርድ፣ ቀኑን በደጅ የሚውል፣ ጀንበር ስትጠልቅ ወደ ቤቱ የሚገባ የኦቾሎ ገበሬ፣ የሰውነቱን ሰዓት ማንም ሳይነግረው በየቀኑ ይሞላዋል።

ይህንኑ ሽማግሌ ልጁ ሊጦረው ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ በፎቅ ቤት ቢያስቀምጠው፣ ሥራው ይቀራል፤ ቀኑን በወንበር ላይ ያንቀላፋል፤ ማታም በቴሌቪዥን ብርሃን ያመሻል። ወደ ስቶክሆልም ቢወስደው ደግሞ ነገሩ የባሰ ይሆናል፤ በዚያ በሰኔ ቀኑ ከ18 ሰዓት ይበልጣል፤ በታኅሣሥ ግን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በእጁ የታሰረው መሣሪያ «እንቅልፉ ተበላሽቷል» ቢል እውነቱን ነው። ነገር ግን መሣሪያው መበላሸቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ምክንያቱ እርጅና ሳይሆን የብርሃንና የሥራ መጥፋት ነው፤ መድኃኒቱም ሽማግሌውን በየጧቱ ወደ ደጅ ማውጣት፣ ቀላል ሥራም መስጠት ነው።

መሣሪያው ምን ያያል?

በሐኪም ቤት የእንቅልፍ ምርመራ ሲደረግ በራስ ላይ የአንጎልን ሞገድ የሚቀበሉ ሽቦዎች ይለጠፋሉ፤ የዓይን፣ የአገጭና የእግር እንቅስቃሴ፣ ትንፋሽ፣ የልብ ምትና በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅንም አብረው ይመዘገባሉ። ይህ ምርመራ ብዙ ዕቃና የሠለጠነ ሰው የሚጠይቅ በመሆኑ በየሐኪም ቤቱ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተመራማሪዎች ቀላል መንገድ ፈለጉ፤ ይኸውም የእጅን እንቅስቃሴ ብቻ መዝግቦ «እጁ ዝም ካለ ተኝቷል፤ ከተንቀሳቀሰ ነቅቷል» ብሎ መገመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሮጀር ኮልና ዳንኤል ክሪፕኬ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለዚህ ግምት የሚሆን የሒሳብ መንገድ አሳተሙ፤ መንገዱም በጥናት ላይ ሲሠራበት ኖሯል።

ዛሬ በገበያ የሚሸጡት መሣሪያዎች የዚህ ልጆች ናቸው። ፊትቢት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የመጀመሪያውን መሣሪያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ የአፕል ሰዓት በ2015 ተከተለ፤ ኦውራ የሚባለው ቀለበት ደግሞ የፊንላንድ ሥራ ነው። ሁሉም በሁለት ነገር ይሠራሉ። አንደኛው እንቅስቃሴን የሚለካ ትንሽ ዕቃ ነው። ሁለተኛው ከሰዓቱ ጀርባ፣ ቆዳን ከሚነካው በኩል፣ የሚበራ ብርሃን ነው፤ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ደም በእያንዳንዱ የልብ ምት ወደ ሥሩ ሲሞላና ሲጎድል፣ ከቆዳው የሚመለሰው ብርሃን በተቃራኒው ይቀንሳል፤ ይጨምራል። መሣሪያው ይህን ቆጥሮ የልብን ምት ያገኛል። ከዚያ በኋላ እንቅስቃሴውንና የልብ ምቱን አንድ ላይ አሰላስሎ «ይህ ከባድ እንቅልፍ ነበር፤ ይህ የሕልም እንቅልፍ ነበር» ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የእንቅልፍን ክፍል የሚወስነው የአንጎል ሞገድ ነው፤ መሣሪያው ግን የታሰረው በእጅ ላይ እንጂ በራስ ላይ አይደለም። ስለዚህ ስለ እንቅልፍ የሚሰጠው ቃል የዓይን ምስክር ቃል ሳይሆን፣ በደጅ ቆሞ የቤቱን ድምፅ አዳምጦ ውስጥ ያለውን እንደሚገምት ሰው ቃል ነው። ግምቱ ብዙ ጊዜ ከእውነት ይቀርባል፤ ይልቁንም የተኙበትንና የተነሡበትን ሰዓት በመናገር ረገድ ደኅና ነው። የእንቅልፉን ክፍሎች በደቂቃ ቆጥሮ ሲናገር ግን እምነቱ ይቀንሳል።

የማያየው ነገር

ከሁሉ በፊት መሣሪያው ዝም ብሎ የሚነቃን ሰው አያውቅም። ሽማግሌው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነቅቶ፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሳይንቀሳቀስ በልቡ ጸሎቱን ሲያደርስ፣ ወይም ስለ ልጆቹ ሲያስብ አንድ ሰዓት ቢያሳልፍ፣ መሣሪያው ይህን ሰዓት ከእንቅልፍ ሊቆጥረው ይችላል። በዚህ ምክንያት እንቅልፍ አጥተው ዝም ብለው የሚተኙ ሰዎች፣ ከተኙት በላይ እንደ ተኙ ሆነው ይመዘገባሉ። «አልተኛሁም» የሚልን አባት «ሰዓቱ ተኝተሃል ይላል» ብሎ መከራከር ስለዚህ ተገቢ አይደለም።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው በፈቃድ መነሣትንና በሕመም መንቃትን አይለይም። በእኩለ ሌሊት ተነሥቶ የሚጸልይ ክርስቲያን፣ ጎሕ ሳይቀድ ለሶላት የሚነሣ ወይም በረመዳን ለመመገብ የሚነቃ ሙስሊም፣ በማኅሌት ቆሞ የሚያድር ካህን፣ ሁሉም በመሣሪያው ፊት እንቅልፋቸው የተቆራረጠ ሰዎች ናቸው። ነጥባቸውም ያንሳል። ዕድሜ ልኩን ሌሊት ሲጸልይ የኖረን ሽማግሌ በአንድ ቍጥር ምክንያት «ይህን ተው» ማለት፣ ልማዱን ከቍጥሩ አሳንሶ ማየት ነው።

ሦስተኛ፣ ብርሃን በቆዳ ውስጥ ሲያልፍ የቆዳው ጥቁረት ለውጥ ያመጣል። ይህ ለእኛ ልዩ ጥቅም ያለው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በሐኪም ቤት በጣት ላይ የሚገባው የኦክሲጅን መለኪያ እንኳ፣ በጥቁር ሕመምተኞች ላይ የኦክሲጅንን ማነስ ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ በነጮቹ ላይ ከሚያልፍበት ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን ገልጿል። በሐኪም ቤት ያለው እንዲህ ከሆነ፣ በሱቅ የሚሸጠው የእጅ ሰዓት ስለ ኦክሲጅን የሚሰጠውን ቍጥር በጥንቃቄ ማየት ይገባል።

አራተኛ፣ የሽማግሌው ሰውነት ራሱ ለመሣሪያው ያስቸግራል። እጅ ሲቀዘቅዝ ደም ወደ ቆዳ መድረሱ ይቀንሳል፤ የከሳ እጅ ላይ ሰዓቱ ይላላል፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ የነቃ ይመስላል፤ ምቱ የተዘበራረቀ ልብም ሒሳቡን ያበላሸዋል።

ነጥብ የሚያመጣው ጭንቀት

እ.ኤ.አ. በ2017 ኬሊ ባሮንና ባልደረቦቿ በአሜሪካ አዲስ ነገር አስተዋሉ። ሰዎች በመሣሪያው ላይ ያዩትን ነጥብ ይዘው ወደ ሐኪም ይመጣሉ፤ ነጥቡን ከፍ ለማድረግ ሲሉ በአልጋ ላይ ብዙ ሰዓት ይቆያሉ፤ በአልጋ ላይ መቆየቱ ግን እንቅልፋቸውን ይበልጥ ይበታትነዋል። በሐኪም ቤት ተመርምረው ደኅና መተኛታቸው ቢነገራቸው እንኳ ከሐኪሙ ይልቅ መሣሪያውን ያምናሉ። ተመራማሪዎቹ ይህን ፍጹም እንቅልፍን የማሳደድ ችግር ኦርቶሶምኒያ ብለው ሰየሙት። በማግሥቱ ዓመት፣ በ2018፣ የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እነዚህ መሣሪያዎች የሐኪምን ምርመራ እንደማይተኩ፣ ከሕመምተኛው ጋር ለመነጋገር ግን ሊጠቅሙ እንደሚችሉ አስታወቀ።

እንቅልፍ እንደ ዶሮ ነው፤ ቢያባርሩት ይሸሻል፤ ዝም ቢሉት ወደ ቆጡ ይመጣል። ሌሊት ነቅቶ ሰዓቱን የሚመለከት ሽማግሌ «ገና 9 ሰዓት ነው፤ ነጥቤ ሊወድቅ ነው» ብሎ ሲያስብ ጨርሶ ይነቃል። ስለዚህ መሣሪያውን ያሰረ ሰው በሌሊት ሊያየው አይገባም።

እንዴት ይጠቀሙበት?

ይህን ሁሉ ማለታችን መሣሪያው አይጠቅምም ለማለት አይደለም። አንዲት ሌሊት ምንም አትናገርም፤ ሁለት ሳምንት ግን ይናገራል። ስለዚህ ወላጅዎ ሰዓቱን ቢያስሩ የየዕለቱን ነጥብ ትተው ከ14 ቀን በኋላ ሦስት ነገር ብቻ ይመልከቱ፤ የሚተኙበት ሰዓት፣ የሚነሡበት ሰዓት፣ በየሌሊቱ የሚነሡበት ብዛት። ከዚህ ጎን በተራ ደብተር ላይ የቀኑን ነገር ይጻፉ፤ ቡና መቼ እንደ ጠጡ፣ ቀን ምን ያህል እንዳንቀላፉ፣ ምን መድኃኒት እንደ ወሰዱ፣ ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ እንደ ወጡ። ምክንያቱ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከደብተሩ ነው እንጂ ከሰዓቱ አይደለም።

ለምሳሌ ቡናን እንውሰድ። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት የሚወጣው ከ5 ሰዓት ያህል በኋላ ነው። እንግዲህ ከቀኑ 10 ሰዓት አቦል የጠጡ ሽማግሌ፣ ከማታው 3 ሰዓት ሲተኙ የካፌይኑ ግማሽ ገና በደማቸው ውስጥ አለ። በጋሞ አገር ከቡና ቅጠል የሚፈላ መጠጥም ይጠጣል፤ ቅጠሉም ካፌይን ስላለው «ፍሬ አልጠጣሁም» ማለት በቂ አይሆንም። የቡናውን ሥርዓት ማጥፋት አያስፈልግም፤ ከሰዓት በኋላ የሚጠጣውን ወደ ጧት ማዛወር ነው። በሚከተለው ሁለት ሳምንት ለውጥ መጥቶ እንደ ሆነ ሰዓቱ ያሳይዎታል። የመሣሪያው ዋና ጥቅም ይህ ነው፤ አንድ ነገር ለውጦ ውጤቱን ለማስተያየት።

አንድ ትንሽ ማስጠንቀቂያም አለ። መሣሪያው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ሊሆን ይችላል። በመስታወቱ ላይ 21:00 የሚለው ማታ 3 ሰዓት ነው፤ 05:00 የሚለውም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ይህን ሳያስረዱ ለአባትዎ ቢሰጡ ወይም ለሐኪም ቢያነቡ፣ የስድስት ሰዓት ስሕተት ይፈጠራል።

ሰዓቱ ምንም ቢል ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ነገሮች

ከእነዚህ ዋነኛው በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ ነው። ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ሥጋ ይላላል፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ መተንፈሻውን ይዘጋዋል። ትንፋሹ 10 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ይቆማል፤ ኦክሲጅን ሲያንስ አንጎል ደንግጦ ያነቃዋል፤ ሰውየውም በኃይል ተንፍሶ እንደገና ይተኛል፤ ጧት ግን አያስታውሰውም። ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲሆን ሕመሙ ከባድ ይባላል። የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ልብንም ይጎዳል። በአገራችን ማንኮራፋት እንደ ጥጋብና እንደ ጥሩ እንቅልፍ ምልክት ስለሚቆጠር፣ ይህ ሕመም ከሳቅ በታች ተደብቆ ይኖራል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን፣ የሳምሰንግና የአፕል ሰዓቶች የዚህን ሕመም ምልክት አይተው እንዲያስታውቁ ፈቀደ። ይህ መልካም እርምጃ ነው፤ ሆኖም ማስታወቂያው ወደ ሐኪም የሚልክ ደወል እንጂ ፍርድ አይደለም። ሰዓቱ ዝም ማለቱም ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ከሰዓቱ የሚበልጥ ምስክር በዚያው ክፍል የሚተኛ ሰው ነው። እናትዎን «አባባ ሲያንኮራፋ ድንገት ዝም ይላል ወይ? ከዚያስ እየተናነቀ ይተነፍሳል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መልሷ «አዎን» ከሆነ፣ ቀንም በተቀመጡበት እንቅልፍ የሚጥላቸው፣ ጧት ራሳቸውን የሚያማቸው ከሆነ፣ የሰዓቱን ነጥብ ሳይመለከቱ ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው።

እንዲሁም ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ መነሣት የስኳር ሕመም ወይም በወንዶች የፕሮስቴት ዕጢ ማደግ ምልክት ሊሆን ይችላል። ማልዶ ነቅቶ ከማዘንና ምግብን ከመጥላት ጋር የሚመጣ እንቅልፍ ማጣትም የመንፈስ ጭንቀት ምልክት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ሕክምና አላቸው፤ ቍጥሩን ለማሳመር ሲባል በክኒን ሊሸፈኑ አይገባም።

ስለ እንቅልፍ ክኒን

ይህ ከንግግራችን ሁሉ ይልቅ ልናሳስብበት የምንወደው ነገር ነው። እንደ ዲያዜፓም ያሉ መድኃኒቶች በወጣት ሰውነት ቶሎ የሚወጡትን ያህል በሽማግሌ ሰውነት አይወጡም፤ ተጠራቅመው ይቆያሉ። ሽማግሌው ሌሊት ለሽንት ሲነሣ ራሱ ይዞራል፤ ይወድቃል፤ የዳሌ አጥንቱ ይሰበራል። እንደ ኦቾሎ ባለ ገደላማና ድንጋያማ መንደር፣ በጨለማ ወደ ደጅ መውጣት ለነቃ ሰው እንኳ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ይህን ዓይነት መድኃኒት፣ እንዲሁም ለጉንፋንና ለማሳከክ እየተባለ የሚሸጠውን እንቅልፍ የሚያመጣ ክኒን፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች እንዳይሰጥ ይመክራል። ይሁን እንጂ ለብዙ ጊዜ ሲወስዱ የኖሩ ሰዎች በድንገት ቢያቋርጡት አደጋ ስላለው፣ በሐኪም ምክር ቀስ እያሉ ሊተዉት ይገባል።

በክኒኑ ፈንታ ምን ይደረግ? የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ለቆየ እንቅልፍ ማጣት መጀመሪያ ሊሰጥ የሚገባው ሕክምና መድኃኒት ሳይሆን የልማድና የአሳብ ሥልጠና መሆኑን አስታውቋል። ከሥርዓቶቹም ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፤ አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ ማድረግ፤ እንቅልፍ ሳይመጣ አለመተኛት፤ እንቅልፍ እንቢ ሲል ተነሥቶ በደብዛዛ ብርሃን ጸጥ ያለ ነገር ማድረግ፤ ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ ጧት በአንድ ሰዓት መነሣት። ይህን ለመፈጸም ገንዘብ አያስፈልግም፤ ትዕግሥት ግን ያስፈልጋል።

ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም

በመጨረሻም ስለ ክብር እንናገር። በአባትዎ እጅ የታሰረ ሰዓት ሌሊቱን ሁሉ የሚያየውን ነገር ወደ እርስዎ ስልክ ሊልክ ይችላል። ሲነሡ፣ ሲወጡ፣ ሲመለሱ ልጅ በሩቅ ሆኖ ያያል። ይህ ነገር ፈቃዳቸውን ሳይጠይቁ የሚደረግ አይደለም። ሽማግሌውን አስቀምጦ «ይህ ይህን ያያል፤ እኔም አየዋለሁ፤ ይፈቅዳሉን?» ማለት ይገባል፤ «አልፈቅድም» ካሉም ሰዓቱ ይፈታ።

ፈረንሳዊው የሰው ልጅ ማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ኦቾሎ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የመንደሪቱ ነገር በአደባባይ ሸንጎ እየተመከረበት የሚወሰን መሆኑን ገልጿል። በጋሞ አገር እንዲህ ያለው የመሰብሰቢያ አደባባይ ዱቡሻ ይባላል። በሸንጎ የአንድ ሰው ቃል ብቻውን ነገርን አይቆርጥም፤ የሚያውቅ ሁሉ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ይወሰናል። ስለ ወላጆቻችን እንቅልፍም እንዲሁ ይሁን። ሰዓቱ ይናገር፤ ደብተሩ ይናገር፤ በጎናቸው የሚተኛው ይናገር፤ ሐኪሙም ይናገር። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሽማግሌው ራሳቸው ይጠየቁ፤ ጧት ሲነሡ ሰውነታቸው ቀልሏቸው፣ ቀኑን ሳያንቀላፉ፣ ሥራቸውን ሠርተው፣ ከሰው ጋር ተጫውተው የሚውሉ ከሆነ፣ ነጥቡ ምንም ያህል ዝቅ ቢል እንቅልፋቸው በቅቷቸዋል። ቀናቸው የደከመና የተቆራረጠ ከሆነም፣ ነጥቡ መቶ ቢሆን እንኳ መመርመር ያስፈልጋቸዋል።

እንግዲህ፣ የተከበሩ አንባቢ፣ ለወላጅዎ ይህን ሰዓት ከመላክዎ በፊት ጥቂት ቀን አብረዋቸው ቢያድሩ፣ በመሣሪያው የማይታየውን ብዙ ነገር ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ቢያስሩላቸው ይረዳዎታል።